የክረምት ምርምር ለፊዚክስ ተማሪ

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አብቅቶ ተማሪው ሻንጣውን ማሰናዳት በሚጀምርበት በሰኔ ወር፣ ወደ ቢሮዬ ጎራ የሚል አንድ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጣው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከኢንተርኔት ያተመውን አራት ገጽ ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ ነበር። «ዶክተር፣ አሜሪካ ውስጥ ለፊዚክስ ተማሪዎች የክረምት ምርምር ፕሮግራም እንዳለ አግኝቻለሁ፤ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳገላብጥ ሁለት ነገሮች ተመለከትሁ። የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ አራት ወራት ተቆጥረዋል። ከዚህም በላይ በሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣ አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ መሆን እንደሚገባው ተጽፏል። ተማሪው ይህን ሳያይ ፓስፖርት ለማውጣት ከታላቅ እኅቱ ገንዘብ ተበድሮ ነበር።

ያን ቀን ለእርሱ የነገርሁትን፣ ከዚያም በኋላ አብረን የሠራነውን፣ ለሌሎችም ይጠቅማል በሚል እዚህ ላቀርበው ወደድሁ። ዕድሉ አለ። ነገር ግን ለማን እንደ ተከፈተና መቼ እንደሚዘጋ ሳያውቁ የሚሮጡለት ብዙዎች ናቸው፤ ከዚህም የከፋው ምርምር ሲባል ምን እንደሆነ ሳይረዱ የሚመኙት መብዛታቸው ነው። ስለሆነም ከመጨረሻው ልጀምር።

መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ

በቤተ ሙከራ ፔንዱለም አወዛውዘን የስበት ሽምጠጣን ስንለካ፣ ውጤቱ ወደ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ መሆን እንዳለበት ወደ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት እናውቃለን። 9.4 ያገኘ ተማሪ ስሕተቱን ከመፈለግ ይልቅ የጓደኛውን ደብተር ሲመለከት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዲት ጠንቃቃ ተማሪ ግን ፈጽሞ አትረሳኝም። ክሩን ሦስት ጊዜ ለክታ፣ ሃምሳ ውዝዋዜ ቆጥራ 9.77 አገኘች፤ ከመጽሐፉ ጋር እንዲስማማ ስትል ግን 9.81 ብላ ጻፈች። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕር ወለልም በ2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በዚህ ቦታ ያለው እውነተኛ መጠን ከ9.78 እምብዛም አይርቅም። ልጅቷ ትክክለኛውን ልኬቷን በስሕተት አረመችው ማለት ነው። ጥፋቱም የእርሷ ሳይሆን መልሱን አስቀድመን እየነገርን ያስተማርናት የእኛ ነው።

ምርምር የሚጀምረው የሚያመሳክሩበት ደብተር በሌለበት ቦታ ነው። ይህን እኔ ራሴ የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በሄድሁበት አገር፣ በመጀመሪያው ዓመት ላይ ዕድሜያቸው ሃያ ያልሞላ ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለዘጠኝ ሳምንት ወደ ቤተ ሙከራችን ተመደቡ። በኦሲሎስኮፑ ላይ ከምንፈልገው ምልክት ጋር ተደርቦ የሚታይ አንድ ግትር ሞገድ ነበር። ከሁለቱ አንዷ «ይህ ምን ይመስልሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ መግለጥ ጀመርሁ። እርሷ የሞገዱን ድግግሞሽ ለክታ 50 ኸርዝ መሆኑን አየችና፣ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ከሶኬት መንቀል ጀመረች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጥፋተኛው የአንድ የጠረጴዛ መብራት ትራንስፎርመር ሆኖ ተገኘ። እኔ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቅሁ ሰው ነበርሁ፤ እርሷ ገና ኳንተም ሜካኒክስ አልወሰደችም። በዚያ ቀን የተሰማኝ ነገር ቅናትም እፍረትም ነበረበት።

አምስት ሚሊሰከንድ

አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በምርምር ውስጥ ሊኖረው የሚችለውን ድርሻ ለማሳየት ከዴቪድ ናርኬቪች ታሪክ የተሻለ አላውቅም። ናርኬቪች በአሜሪካ የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ አማካሪው ዱንካን ሎሪመር የሰጡት ሥራ ለሰሚው የሚያጓጓ አልነበረም። በአውስትራሊያ የሚገኘው የፓርክስ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2001 የማጄላን ደመናዎች የተባሉትን ጎረቤት ጋላክሲዎች ሲቃኝ ያከማቸው መረጃ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን መርምረው የሚፈልጉትን ወስደዋል። የተማሪው ተግባር ያንኑ ክምችት እንደ ገና እየፈተሸ፣ ነጠላና ብርቱ የሆኑ የሬዲዮ ምቶች ካሉ ማውጣት ነበር።

በዚህ ፍለጋ ላይ እያለ ከአምስት ሚሊሰከንድ ያነሰ ርዝመት ያለው፣ እጅግ ብርቱ የሆነ አንድ ምት አገኘ። የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ ስድስት ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ተቀምጦ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲታተም የተማሪው ስም ከአማካሪው ስም ጋር ወጣ።

ምቱን አስደናቂ ያደረገው ብርታቱ ብቻ ሳይሆን የአመጣጡ ሁኔታ ነው። በፊዚክስ ትምህርት እንደሚታወቀው፣ ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ ባዶ ጠፈር ውስጥ በአንድ ፍጥነት ይጓዛል። ይሁን እንጂ በከዋክብት መካከል ያለው ጠፈር ፍጹም ባዶ አይደለም፤ ከአቶም የተለዩ ነጻ ኤሌክትሮኖች እጅግ በስሱ ተበትነውበታል። የሬዲዮ ሞገድ በእነዚህ መካከል ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹን ያወዛውዛል፤ በዚህም ጉዞው በጥቂቱ ይዘገያል። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ ይበልጥ ይዘገያል፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ይቀድማል። መዘግየቱ ከድግግሞሹ ካሬ ጋር ተቃራኒ ምጣኔ አለው፤ ማለትም ድግግሞሹ በእጥፍ ሲጨምር መዘግየቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከሩቅ በአንድ ቅጽበት የተነሣ ምት እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ ተጎተተ ፉጨት፣ ከቀጭን ድምፅ ጀምሮ ወደ ወፍራም የሚወርድ ይሆናል።

ቴሌስኮፑ ይቀበለው በነበረው የድግግሞሽ ክልል ውስጥ፣ በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ መካከል የታየው የመድረሻ ልዩነት የአንድ ሰከንድ ሲሦ ያህል ነበር። ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ ምቱ በመንገዱ ላይ ያለፋቸውን ኤሌክትሮኖች ጠቅላላ ብዛት ማስላት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የማያስቸግር ሒሳብ ነው። ውጤቱ ግን የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ በዚያ አቅጣጫ ሊያበረክተው ከሚችለው መጠን ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ። ምቱ ከጋላክሲያችን ውጭ፣ ከብዙ ርቀት መምጣት ነበረበት።

ለብዙ ዓመታት የተጠራጠሩም ነበሩ፤ ጥርጣሬያቸውም መሠረት ነበረው። በዚያው በፓርክስ ቴሌስኮፕ ተመሳሳይ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ምድራዊ መሆናቸው የሚያስታውቅ ምልክቶች ተገኙ። ቴሌስኮፑ በአንድ ጊዜ ወደ 13 የሰማይ ነጥቦች የሚያይ ተቀባይ ነበረው። ከሩቅ ሰማይ የመጣ ምት በጥቂቶቹ ብቻ ሲታይ፣ ከቅርብ የሚነሣው ግን በሁሉም ይታያል። የእነዚህ አሳሳች ምልክቶች ምንጭ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲደረስበት ማይክሮዌቭ የምግብ ማሞቂያ ሆኖ ተገኘ፤ ሥራውን ሳይጨርስ በሩ ሲከፈት የሚያመልጥ ሞገድ ነበር። ምሳው ቶሎ እንዲደርስለት የቸኮለ ሰው ሳያውቀው የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ግራ አጋብቷል። (የእኛ የቤተ ሙከራ ትራንስፎርመር ታሪክ ብቸኛ አለመሆኑን በማወቄ ተጽናንቻለሁ።)

የናርኬቪች ምት ግን ፈተናውን አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2013 አራት ተመሳሳይ ምቶች መገኘታቸው ተገለጸ። በካናዳ የሚገኘው ቻይም የተባለው ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመጀመሪያ መዝገብ ከ500 በላይ ዘረዘረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ከሚገኝ ማግኔታር፣ ማለትም እጅግ ብርቱ መግነጢስ ካለው የኒውትሮን ኮከብ፣ ተመሳሳይ ምት ሲነሣ ታየ። በዚህም ቢያንስ ከምንጮቹ አንዱ ታወቀ። ዛሬ «ፈጣን የሬዲዮ ምቶች» በመባል የሚታወቀው የጥናት ዘርፍ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ምርምር የጀመረ ተማሪ ሁሉ አዲስ ነገር ያገኛል ለማለት አይደለም። አብዛኛው የክረምት ምርምር ለማስታወቂያ የሚበቃ ነገር ሳያስገኝ ያልቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መሣሪያውን ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራሙን በመልመድ ይጠፋሉ፤ አራተኛው ሳምንት በሦስቱ የተሠራው ስሕተት መሆኑን በማወቅ ያልፋል። ነገር ግን ናርኬቪች የሠራው ሥራ በዓይነቱ ማንኛውም ትጉህ ተማሪ ሊሠራው የሚችል መሆኑን ልብ በሉ፤ የተከማቸ መረጃ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ቀላል የፊዚክስ ሕግ፣ ጥያቄውን የሚመራ አማካሪ።

ለማን ተከፍቷል?

አሁን ወደ ዕድሎቹ ልምጣ። በቅድሚያ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ረጅሙን እረፍት የሚወስዱት በእነርሱ በጋ ነው፤ ያ ወቅት ለእኛ ክረምት ነው። ዕረፍታችን ከሞላ ጎደል ይገጥማል ማለት ነው። የማይገጥመው የማመልከቻው ጊዜ ነው። ለሐምሌ የሚሆነው ቦታ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በጥር ነው፤ ተማሪዎቻችን ደግሞ የሚጠይቁት በሰኔ ነው።

ከሁሉም በላይ ስሙ የሚነሣው በጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚገኘው የሰርን የክረምት ተማሪዎች ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1962 የጀመሩት በወቅቱ የተቋሙ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ቪክቶር ቫይስኮፕፍ ናቸው። ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ ከ8 እስከ 13 ሳምንት ከአንድ የምርምር ቡድን ጋር ይሠራል፤ በሐምሌም ወር ጠዋት ጠዋት ስለ ቅንጣት ፊዚክስ፣ ስለ ማፍጠኛ መሣሪያዎችና ስለ መረጃ ትንተና የሚሰጠውን ትምህርት ይከታተላል። የሂግስ ቦሶን መገኘት ሐምሌ 4 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በተበሰረበት ዕለት፣ በዚያ የነበሩት የክረምት ተማሪዎች ቦታ ለማግኘት ሌሊቱን በአዳራሹ በር አድረዋል። ኢትዮጵያ የተቋሙ አባል አገር አይደለችም፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ አባል ላልሆኑ አገሮች ተማሪዎችም ክፍት ነው። ቢያንስ የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማጠናቀቅን ይጠይቃል። ለቆይታውና ለጉዞው ድጎማ አለው። ውድድሩ ግን ከዓለም ዙሪያ ስለሆነ እጅግ ብርቱ ነው። በጀርመን፣ በሃምቡርግና በሶይተን የሚገኘው የዴዚ ቤተ ሙከራም በሐምሌና በነሐሴ ከልዩ ልዩ አገሮች ተማሪዎችን ይቀበላል። በጃፓን የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ በክረምት ሳይወሰን በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ወራት የሚቆዩ የምርምር ተለማማጆችን ከየትኛውም አገር ይወስዳል።

ተማሪዬ ወረቀቱን ይዞ የመጣበት ፕሮግራም በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደገፈውና በአጭር ስሙ አር.ኢ.ዩ. የሚባለው ነው። በኢንተርኔት ሲፈለግ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ በመሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። በዚህ ድጋፍ የሚከፈልላቸው የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከዚህ አገር ሆኖ ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው። በአንጻሩ በዲቪ ወይም በቤተሰብ አማካይነት ወደ አሜሪካ ሄደው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የአገራችን ልጆች፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ከያዙ፣ ለማመልከት ሙሉ መብት አላቸው። ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው። እኔ ያገኘኋቸው አንዳንዶቹ በክረምት የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ይህ ለእነርሱ እንደ ተከፈተ አያውቁም ነበር። በተመሳሳይ ሁኔታ የጀርመኑ ዳድ «ራይዝ» የሚለው የክረምት ፕሮግራም ለተወሰኑ አገሮች ተማሪዎች የተመደበ ሲሆን፣ የእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

በአህጉራችን ያለውን ግን ብዙዎች ይዘነጉታል። የአፍሪካ የመሠረታዊ ፊዚክስና የአተገባበሩ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ተጀምሮ፣ በጋና ኩማሲ፣ በሴኔጋል ዳካር፣ በሩዋንዳ ኪጋሊ፣ በናሚቢያ ዊንድሆክ እየተዘዋወረ ተካሂዷል። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚዘጋጅ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል የሚቆይ ነው። ይህ በትክክለኛ ትርጉሙ ምርምር ሳይሆን ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ የሚገኙት መምህራን በኋላ ለምርምር የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። በእኔ አስተያየት፣ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከጄኔቫ ይልቅ ይህ የመጀመሪያ በር ቢሆን ይሻላል።

ደንቦች ከዓመት ዓመት ይለዋወጣሉና ማንም ሰው፣ የእኔን ጽሑፍ ጨምሮ፣ የተናገረውን ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ በዚያ ዓመት ያወጣውን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን ክፍል ከሁሉ አስቀድሙ። ሰርንም ሆነ ዴዚ ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም፤ በእነርሱ ስም ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ሽሹት።

በራሳችን ሰማይ ላይ

ተማሪዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያው ዘንድሮ ምንም የለም ማለት ነው?» አለኝ። የለም ለማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን ስለ ፓርክስ ቴሌስኮፕ እያወራን ስለነበር አንድ ጥያቄ አቀረብሁለት። የሩቁን ምት ያዘገዩት ነጻ ኤሌክትሮኖች ከራሳችን በላይስ የሉም ወይ?

አሉ። ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ የፀሐይ ጨረር አየሩን እየሰነጠቀ ኤሌክትሮኖችን ነጻ ያወጣል፤ ይህ ንብርብር አዮኖስፌር ይባላል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምልክታቸውን የሚልኩት በዚህ ውስጥ አሳልፈው ነው። ምልክቱም በ1575.42 እና በ1227.60 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም ቢያንስ በሁለት ድግግሞሾች ይላካል። ለምን ሁለት እንደሆነ አሁን አንባቢው ራሱ ሊገምት ይችላል። ዝቅተኛው ይበልጥ ስለሚዘገይ፣ ከሁለቱ ልዩነት ተነሥቶ በመንገዱ ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖች መቁጠር ይቻላል። ቀመሩ ናርኬቪች የተጠቀመበት ያው ራሱ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ዓምድ ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን በጨመረ ቁጥር የሚመጣው ለውጥ ኢምንት ቢሆንም፣ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮኖች ሲጨመሩ በከፍተኛው ድግግሞሽ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል የርቀት ስሕተት ይፈጠራል። በቀትር ጊዜ የዚህ 50 እጥፍ ሊገኝ ስለሚችል፣ ካልታረመ ስሕተቱ 8 ሜትር ይደርሳል።

ከዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ልዩ ዕድል ይሰጠናል። የምድር መግነጢስ መስመሮች ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆኑበት መግነጢሳዊ የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በቀን ወደ ምሥራቅ የሚያመለክተው ኤሌክትሪካዊ መስክና ወደ ሰሜን የተጋደመው መግነጢሳዊ መስክ አንድ ላይ ሆነው ኤሌክትሮኖቹን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ እነዚህም ከፍ ካሉ በኋላ እንደ ፏፏቴ በመግነጢስ መስመሮቹ ላይ እየተንሸራተቱ ከወገቡ በሰሜንና በደቡብ በ15 ዲግሪ ገደማ ርቀት ይከማቻሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በንብርብሩ ውስጥ ስስ አረፋዎች ተፈጥረው የሳተላይት ምልክት ልክ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም እንዲል ያደርጋሉ። ይህን ለማጥናት ሌሎች ከሩቅ አገር መሣሪያ አስጭነው ይመጣሉ። በአዲስ አበባ የተተከለ፣ በዓለም አቀፉ የሳተላይት አሰሳ አገልግሎት መረብ ውስጥ የተመዘገበ የጂፒኤስ ጣቢያ አለ፤ መረጃው ለማንኛውም ሰው በነጻ ይገኛል።

ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን አብረን ሠራን ስል አታጋንኑብኝ። እኔ በሳምንት አንድ ቀን አገኘው ነበር፤ የቀረውን እርሱ በኮምፒውተር ክፍል፣ መብራት ሲጠፋ እየተቀመጠ፣ ሲመጣ እየቀጠለ ሠራው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፋይሉን ማንበብ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። በሦስተኛው ሳምንት በደስታ እየሮጠ መጣ። ያወጣው ሥዕል እንደሚያሳየው የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ጫፍ የሚደርሰው በ11 ሰዓት ነው። «ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የሚበዛው! በመጽሐፍ ካለው ጋር አይገጥምም» አለኝ። እኔም ለአንድ አፍታ ልቤ ዘለለ።

መልሱን አልነገርሁትም፤ በኦሲሎስኮፑ ዘመን የተማርሁት ይህን ነው። «ከሶኬት የሚነቀል ነገር ፈልግ» ብዬ ሰደድሁት። በሦስተኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ፋይሉ የሚቆጥረው በግሪንዊች ሰዓት ነበር። በግሪንዊች 11 ሰዓት ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ጫፉ የሚጠበቀውም በዚያው ጊዜ ነው። ሁለት አቆጣጠር ባለበት አገር ያደገ ልጅ 11 የሚለውን ቁጥር ሲያይ ከቀኑ 11 ሰዓት አድርጎ ማንበቡ የሚያስደንቅ አይደለም። አፍሮ ነበር። እኔ ግን በዚያ ክረምት የሠራው ከሁሉ የተሻለ ሥራ ያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደስ ያለውን ውጤት በገዛ እጁ አፍርሶታልና።

ከዚያ በኋላ የሐምሌን ወር ከመስከረምና ከመጋቢት ወሮች ጋር አነጻጸረ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወቅቶች የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከፍ እንደሚል አገኘ። ይህ በመስኩ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነገር ነው፤ ለመጽሔት የሚበቃ አዲስ ግኝት አይደለም። ስድስት ገጽ ዘገባ ጽፎ በትምህርት ክፍሉ ሴሚናር ላይ አቀረበው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ስሕተቱ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁት ቁጥሩን ከነምክንያቱ መለሰ።

እዚህ ላይ ስለ ድጋፍ ደብዳቤ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ስለሆነ። በሰኔ ወር ቢጠይቀኝ ኖሮ ልጽፍለት የምችለው «በክፍሌ ተምሯል፣ ኤ አግኝቷል፣ ጨዋ ነው» የሚል ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከዓለም ዙሪያ በሺህ ስለሚጎርፍ አንባቢው ሁለተኛውን መስመር አያየውም። መምህር የሚጽፈው ያየውን ነው፤ ስለዚህ የሚያየው ነገር ስጡት። ደብዳቤውንም ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን በኅዳር ወር ጠይቁ። ከዘገባችሁ ጋር፣ ለምን ወደዚያ ቡድን መሄድ እንደፈለጋችሁ በራሳችሁ ቋንቋ የጻፋችሁትን ግማሽ ገጽ አያይዙ። ከጓደኛ የተቀዳ ማመልከቻ በአንደኛው አንቀጽ ይታወቃል።

ተማሪው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መጣ። ለሁለት ፕሮግራሞች ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ በሁለቱም ላይ ስለ ሰዓቱ ስሕተትና ሦስት ቀን ፈልጎ ስላገኘበት ሁኔታ ገለጽሁ። አንዱ አልተቀበለውም። ሁለተኛው ተቀበለው። የፓስፖርቱ ገንዘብ ለእኅቱ ተመለሰ፤ የቪዛው ቀጠሮ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት አስጨነቀን። ሄዶ ከደረሰ በኋላ በላከልኝ የመጀመሪያ ኢሜይል፣ ስለ አገሩም ስለ ምግቡም ምንም አልጻፈም። አማካሪው አንድ ትልቅ የመረጃ ፋይል እንደ ሰጡት፣ እርሱም በመጀመሪያ የጠየቃቸው ሰዓቱ የየት አገር አቆጣጠር እንደሆነ መሆኑን፣ እርሳቸውም መልሱን ስላላወቁት ሊያጣሩ እንደ ሄዱ ነበር የጻፈልኝ።